የጓሮ አትክልት በአራቱ ወቅቶች፦ ውርጭ፣ ውኃና ብርሃን በፊዚክስ ዓይን

በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ማታ የተነገረው የአየር ትንበያ ዝቅተኛው የሙቀት መጠን 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚሆን ገልጿል እንበል። ውኃ የሚረጋው በ0 ዲግሪ መሆኑን ደግሞ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምረን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሲነጋ የጓሮው ሣር በነጭ አመዳይ ተሸፍኖ፣ የቲማቲሙና የድንቹ ቅጠል የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ሁሉ ጠቁሮ ይገኛል። ትንበያው ተሳስቷልን? ወይስ ውኃ ከ0 ዲግሪ በላይ ሊረጋ ይችላል? መልሱ ሁለቱም አይደለም። ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ወደ ፊዚክስ መሄድ ግድ ይለናል።

ጉዳዩ የዕውቀት ጥማትን ከማርካት ያለፈ ነው። በጓሮ የምትገኝ አንዲት መደብ ጎመን፣ ጥቂት ሥር ቃሪያና ቆስጣ ለብዙ ቤተሰብ የየዕለቱ ወጥ ናቸው። በጥቅምት የተተከለ ችግኝ በአንድ የኅዳር ሌሊት ከጠፋ የሁለት ወር ድካም አብሮ ይጠፋል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሠፈሮችም በበጋ አንድ ጀሪካን ውኃ ለልብስ ይዋል ወይስ ለአትክልት የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አራቱን ወቅቶች ተከትለን፣ በጓሯችን ውስጥ ሙቀት፣ ውኃና ብርሃን እንዴት እንደሚሠሩና እኛም በምን ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባን ለመዳሰስ እንሞክራለን። ለምሳሌነት የምንወስደው አዲስ አበባንና ከፍታቸው ከእርሷ ጋር የሚቀራረብ ከተሞችን ነው።

ወቅቶቻችንን የሚለያቸው ምንድን ነው?

በውጭ አገር ለትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት በየመጻሕፍት መደብሩ የምናያቸው የአትክልት መጻሕፍት ሁሉ ዓመቱን የሚከፍሉት በሙቀትና በብርድ ነበር። ይህ አከፋፈል ለእነዚያ አገሮች ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ሥፍራ እጅግ ሞቃታማ በሆነው ወርና እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ወር አማካይ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በአንጻሩ በኅዳር ወር በአንድ ቀን ውስጥ፣ በቀትርና በንጋት መካከል የሚታየው ልዩነት 15 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ብርዱ የሚመጣው በወቅት ሳይሆን በሌሊት ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የእኛን ወቅቶች የሚለያቸው በዋናነት ዝናብና ደመና ነው። የአባቶቻችን የዘመን ቆጠራም ዓመቱን በዚሁ መሠረት ከፍሎታል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። እኛም ይህንኑ ቅደም ተከተል እንከተላለን።

መፀው፦ ሰማይ ሙቀታችንን የሚወስድበት ወቅት

ማንኛውም አካል፣ ድንጋይም ሆነ ቅጠል፣ ባለው ሙቀት ልክ ለዓይን የማይታይ ጨረር ያመነጫል። ይህ ኢንፍራሬድ የሚባለው የሙቀት ጨረር ነው። ጆሴፍ ስቴፋን እ.ኤ.አ. በ1879 በልኬት፣ ሉድቪግ ቦልትዝማን ደግሞ በ1884 በንድፈ ሐሳብ እንዳሳዩት፣ የጨረሩ መጠን ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ በሚቆጠረው ሙቀት አራተኛ ርቢ ልክ ያድጋል። በዚህ ሕግ ብናሰላ፣ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው የመሬት ገጽ ከአንድ ካሬ ሜትር 360 ዋት ገደማ ወደ ሰማይ ይልካል።

ሰማይም በበኩሉ ጨረር ይመልሳል። በክረምት ሌሊት ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ከምድር የወጣውን አብዛኛውን ሙቀት መልሶ ይሰጣል። በመፀው ግን ደመናው ይገፈፋል፤ አየሩም ይደርቃል። በአየር ውስጥ ካሉት ጋዞች መካከል የሙቀት ጨረርን በብዛት የሚይዘው የውኃ ተን በመሆኑ፣ ደረቅ አየር ለዚህ ጨረር ክፍት መስኮት ነው። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በላያችን ያለው ጋቢ ከመነሻውም የሳሳ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች ጥርት ባለ ደረቅ ሌሊት ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ70 እስከ 100 ዋት የሚደርስ ሙቀት ሳይመለስ ይቀራል።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ቅጠል ስስ ነው። የአንድ ካሬ ሜትር ቅጠል ክብደት 250 ግራም ያህል ነው ብንልና አብዛኛው ውኃ መሆኑን ብንገምት፣ በአንድ ዲግሪ ለመቀዝቀዝ ማጣት ያለበት 1,000 ጁል ገደማ ብቻ ነው። በሴኮንድ 80 ጁል የሚያጣ ከሆነ በ13 ሴኮንድ ያህል በአንድ ዲግሪ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ቅጠሉ ያለማቋረጥ እንዳይቀዘቅዝ የሚከላከልለት በዙሪያው ያለው አየር ነው፤ ቅጠሉ ከአየሩ ሲቀዘቅዝ አየሩ ሙቀት ይለግሰዋል። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ግን ይህ ልገሳ ደካማ ስለሆነ ቅጠሉ ከአየሩ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ሊያድር ይችላል።

የመግቢያችን እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። የሜትሮሎጂ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት 1 ሜትር ከግማሽ ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጣሪያ ባለው ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው። እርሱ የሚለካው የአየሩን ሙቀት ነው። ከመሬት ተጠግቶ፣ ያለ ጣሪያ ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ ያደረው ቅጠል የሚያውቀው ሙቀት ሌላ ነው። ትንበያው 4 ዲግሪ ሲል ቅጠሉ ከ0 በታች ሊወርድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ሐኪም ከአትክልተኞች የተማረው

ይህን ነገር በሙከራ ያስረዳው ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ በለንደን ይኖር የነበረ ሐኪም ነው። ዌልስ በሌሊት በአትክልት ሥፍራ ውስጥ የተመዘኑ የሱፍ ቁራጮችን አንዳንዱን ለሰማይ አጋልጦ፣ አንዳንዱን በከለላ ሥር አስቀምጦ፣ ሲነጋ በጤዛ ምን ያህል እንደከበዱ ይመዝን ነበር። ለሰማይ የተጋለጠው ሱፍ ከተከለለው ይበልጥ ይቀዘቅዝና ብዙ ጤዛ ይሰበስብ ነበር። ከዚህም በመነሣት ጤዛ ከሰማይ እንደ ዝናብ እንደማይዘንብ፣ ይልቁንም በጨረር የቀዘቀዘ አካል በአካባቢው ካለው አየር ተንን እንደሚያረጋ አሳየ። ስለ ጤዛ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1814 የታተመ ሲሆን የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲም የረምፈርድን ሜዳልያ ሸልሞታል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስደንቀው ዌልስ በዚሁ መጽሐፍ የተናገረው አንድ ነገር ነው። አትክልተኞች ለብርድ የማይበገሩ ያልሆኑ ተክሎችን በስስ ምንጣፍ ሲሸፍኑ እያየ፣ ስስ ምንጣፍ ከውጭው አየር ብርድ እንዴት ሊያድን ይችላል በሚል ይስቅባቸው እንደነበር፣ ቅጠል ከአየር በታች እንደሚቀዘቅዝ ከተረዳ በኋላ ግን አትክልተኞቹ ትክክል እንደነበሩ ይመሰክራል። ምንጣፉ ብርድን አይከለክልም፤ ሰማይን ይከልላል። በአገራችንም እናቶች ማታ ማታ በችግኝ መደብ ላይ ጆንያ ወይም የኮባ ቅጠል ጣል ሲያደርጉ የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው። ወጣት አንባብያን ይህን ልማድ ሲያዩ ምክንያቱ አልተነገረም በሚል እንደ ከንቱ ሊቆጥሩት አይገባም።

በውርጭ ሌሊት ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ሌሊቱን ማወቅ ይገባል። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ነፋሱ ከረጋና አየሩ የደረቀ ከሆነ አደጋ አለ። ጤዛ ገና በአመሻሽ ከታየ ግን አደጋው ይቀንሳል፤ ምክንያቱም አንድ ኪሎ ግራም ተን ወደ ጤዛነት ሲለወጥ 2,500 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ስለሚለቅ የቅጠሉን መቀዝቀዝ ያዘገየዋል።

ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይደረግ። መሬቱ ቀን ያጠራቀመው ሙቀት በሽፋኑ ሥር እንዲቀር ጠርዙ እስከ መሬት መድረስ አለበት፤ ቅጠሉንም እንዳይነካ በጥቂት እንጨቶች ከፍ ይበል። ጆንያ፣ ሰሌን ወይም አሮጌ አንሶላ ለዚህ ይበቃል። ስስ ፕላስቲክ ግን ለብርሃን ግልጽ እንደሆነ ሁሉ ለሙቀት ጨረርም በአመዛኙ ግልጽ ነው። የውስጥ ገጹ በጤዛ ካልተሸፈነ በቀር እንደ ጆንያ አይከልልም። ጠዋት ፀሐይ እንደሞቀች ሽፋኑ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ አፈሩ እርጥብ ይሁን። ደረቅ አፈር በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለያዘ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፤ እርጥብ አፈር ግን የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ አስገብቶ ሌሊት መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ ውርጭ በሚፈራበት ሰሞን መሬቱን አስቀድሞ በጠዋት ማጠጣት ይጠቅማል። ውኃ የሞላባቸውን ጀሪካኖች ቀን ፀሐይ አሙቆ ማታ በሽፋኑ ሥር ማስቀመጥም ይረዳል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሌሊቱ 12 ሰዓት ውስጥ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 836 ኪሎ ጁል ሲሆን፣ ይህም ሌሊቱን ሙሉ የ19 ዋት ማሞቂያ እንደማብራት ነው። ብቻውን ብዙ አይደለም፤ ከሽፋን ጋር ሲሆን ግን ጥቂት ችግኞችን ለማዳን ይበቃል።

አራተኛ፣ ቦታ ይመረጥ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በጎድጓዳ ሥፍራና በተዳፋት ላይ በተሠራ ድፍን አጥር ጀርባ ይጠራቀማል። ቃሪያ፣ ቲማቲምና የቡና ችግኝ ከዚህ ሥፍራ ይራቁ። ጎመን ግን ብርዱን ቀስ በቀስ ከለመደ በሕዋሳቱ ውስጥ ስኳር ስለሚያጠራቅም ቀላል ውርጭን ይችላል፤ ጣዕሙም ይጥማል። በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ቡናም ከውርጭ የሚድነው ዛፉ በእርሱና በሰማይ መካከል ስለሚቆም ነው።

ውርጭ የመታው ተክል ካለ ወዲያው መግረዝ አይገባም። የተቃጠለ የሚመስለው ቅርንጫፍ ከግንዱ አጠገብ ሕያው ሊሆን ይችላል። አዲስ እምቡጥ እስኪወጣ ታግሦ የሞተውን ብቻ መቁረጥ ይሻላል።

በጋ፦ የውኃ ሒሳብ

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን ከፀሐይ 20,000 ኪሎ ጁል ገደማ ይቀበላል። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን 2,450 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ውኃ በጠገበ መደብ ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ግማሽ ያህሉ በትነት ላይ ቢውል፣ በየቀኑ ከአንድ ካሬ ሜትር 4 ሊትር ገደማ ውኃ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ 10 ካሬ ሜትር የሆነ የአትክልት መደብ በቀን 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ይጠይቃል። ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤተሰብ ይህ ከባድ ሸክም ነው።

ብዙዎቻችን መፍትሔው የክረምቱን ውኃ በበርሜል ማጠራቀም ነው ብለን እናስባለን። ይህ መልካም ነው፤ የ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ4 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። ነገር ግን በርሜሉ ከላይ ላልነው መደብ የሚበቃው ለአምስት ቀን ብቻ ነው። በአንጻሩ የዚያው መደብ አፈር እስከ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ሲለካ 5 ሜትር ኩብ ነው። መካከለኛ አፈር ከይዘቱ 15 በመቶ የሚሆን ለተክል ሊደርስ የሚችል ውኃ መያዝ ስለሚችል፣ በክረምት መጨረሻ በመደቡ ውስጥ 750 ሊትር ውኃ አለ። ስለሆነም ትልቁ በርሜላችን አፈሩ ነው። ሥራችንም ይህ በርሜል በከንቱ እንዳይተን መክደን ነው።

ክዳኑ ጉዝጓዝ ነው። የደረቀ ሣር፣ ገለባ ወይም ቅጠል በአፈሩ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢጎዘጎዝ፣ የፀሐይ ጨረር አፈሩን በቀጥታ አያገኘውም፤ ነፋስም እርጥቡን አየር ጠርጎ አይወስደውም። በጉዝጓዙ ቅጠሎች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ በመሆኑ ውኃ በካፒላሪ ኃይል ወደ ላይ ሊሳብ አይችልም። ጉዝጓዙ የተክሉን ግንድ ግን እንዳይነካ ጥቂት ይራቅ፤ አለበለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነጥብ አለ። ጉዝጓዝ አፈሩን ከፀሐይ እንደሚከልል ሁሉ፣ ሌሊት የአፈሩ ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይደርስ ይከለክላል። በመሆኑም ከጉዝጓዝ በላይ ያለ ለጋ ተክል ባዶ አፈር ላይ ካለው ይልቅ ለውርጭ የተጋለጠ ነው። ውኃ ቆጣቢው ክዳን ውርጭ ጠሪ ይሆናል ማለት ነው። የሚያስታርቀው መንገድ ቦታን መለየት ነው። ውርጭ በማይደርስበት፣ በግድግዳ ወይም በዛፍ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ጉዝጓዙ ገና በመስከረም መጨረሻ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ይደረግ። ውርጭ በሚያድርበት መደብ ግን ለጋ ችግኞች ባሉበት የአፈሩ ገጽ እስከ ጥር ድረስ ክፍት ሆኖ ማታ ማታ በጆንያ ይሸፈን፤ ውርጩ ካለፈ በኋላ ጉዝጓዙ ይተካ።

ውኃን ለሥር ለማድረስ ጥንታዊ የሆነ ሌላ ዘዴም አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት በቻይና የተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ የሸክላ ማሰሮን እስከ አፉ ቀብሮ ውኃ በመሙላት በዙሪያው መትከልን ያስተምራል። የደረቀ አፈር ውኃውን በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል ይስባል፤ አፈሩ ሲረጥብ ስበቱ ይቀንሳል። ተክሉ በጠጣ ቁጥር ማሰሮው ይሰጣል፤ ሲጠግብ ያቆማል። ለዚህ የሚሆነው ያልተሟሸ ሸክላ ነው፤ የተሟሸው ቀዳዳዎቹ ስለተደፈኑ ውኃ አያሳልፍም። አፉ በትነትና በትንኝ ምክንያት ይከደን።

ስለ ማጠጫ ሰዓትም ጥቂት እንበል። ከሁሉ የሚሻለው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፤ ትነቱ ገና አልበረታም፣ ቅጠል ላይ የቀረው ውኃም ቶሎ ይደርቃል። ማታ ቅጠልን ማርጠብ ሻጋታን ይጋብዛል። በቀትር ማጠጣት ጠብታዎች እንደ ሌንስ ሆነው ቅጠል ያቃጥላሉ የሚለው አባባል ግን በአመዛኙ ትክክል አይደለም። በሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ልስልስ ቅጠል ላይ የተቀመጠ ጠብታ ብርሃንን የሚሰበስበው ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት ከቅጠሉ በታች በሚገኝ ነጥብ ላይ ስለሆነ አያቃጥልም። ጠብታውን ከቅጠሉ በላይ ከፍ አድርገው የሚይዙ ፀጉራም ቅጠሎች ላይ ግን ጉዳት ሊደርስ ይችላል። በቀትር አለማጠጣት ተገቢ የሚሆነው ውኃው በከንቱ ስለሚተን ነው።

ፀደይ፦ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም

በአዲስ አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ፣ ፀሐይ በእኩለ ቀን በትክክል ከአናታችን በላይ ትውላለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል የቀትር ፀሐይ የምታበራው ከሰሜን በኩል ነው፤ በቀሩት ወራት ከደቡብ በኩል ታበራለች። 2 ሜትር ቁመት ያለው አጥር በታኅሣሥ አጋማሽ በቀትር 1 ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ግማሽ ሜትር የሚሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከግድግዳው በስተደቡብ ያለው ሥፍራ በብርዱ ወራት የቀትር ፀሐይ ያገኛል፤ ድንጋዩም የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ስለዚህ ውርጭ ለሚፈራ ተክል ይህ ሥፍራ ተመራጭ ነው። ከግድግዳው በስተሰሜን ያለው ደግሞ በበጋ ጥላ ስለሚያገኝ ውኃ ቆጣቢ ነው፤ ሰላጣና ቆስጣ በዚያ ይስማማቸዋል።

በልግ ዝናብ ሲጥል ዘር መዝራትና ችግኝ ማዛወር ይጀመራል። በከፍታችን አየሩ ስስ በመሆኑ የቀትሩ ፀሐይ ብርቱ ናት። በጥላ ያደገ ችግኝ በድንገት ለዚህ ብርሃን ሲጋለጥ ቅጠሉ ነጥቶ ይደርቃል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል የቅጠል ዳስ እየሠሩ የጥላውን ሰዓት ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ማዛወሩንም ከቀትር በኋላ ወይም በደመናማ ቀን ማድረግ ይገባል።

ክረምት፦ በውኃ ውስጥ መታፈን

በክረምት ውኃ ስለሞላ ተክል አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው። ሥር እንደ እኛው ኦክስጅን ይሻል። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጭበት ፍጥነት በአየር ውስጥ ካለው በ10,000 ጊዜ ገደማ ያንሳል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀዳዳ ሁሉ በውኃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥርም ውኃ መሳብ ያቆማል። በነሐሴ በውኃ መካከል ቆሞ የሚጠወልግ ተክል የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ጠወለገ ብሎ ውኃ መጨመር ሞቱን ማፋጠን ይሆናል።

ችግሩ የሚበረታው በዋልካ አፈር ላይ ነው። መፍትሔው መደቡን ከፍ አድርጎ በመካከሉ የውኃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ሰፊ መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ በዋልካ መሬት ላይ ሲያመርቱ መኖራቸው በግብርና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይኸው ዘዴ በጓሮም ይሠራል።

በዘይት ቆርቆሮና በሸክላ የተተከሉ አበቦችም ትኩረት ይሻሉ። ብዙ ሰው ውኃው እንዲወርድ በማለት ከዕቃው ሥር ጠጠር ያስቀምጣል። ይሁንና በደቃቅ አፈር ቀዳዳዎች የተያዘ ውኃ ሰፊ ክፍተት ወዳለው ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ውኃ እስኪጠግብ ከቆየ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ የጨቀየውን ክፍል ወደ ሥሩ ያቀርበዋል እንጂ አያስወግደውም። የሚበጀው ጠጠሩን ትቶ ዕቃውን በቂ ቀዳዳ መብሳት፣ ጥልቅ ዕቃ መምረጥና በሁለት ድንጋይ ላይ ከፍ ማድረግ ነው።

ሌላው የክረምት ጉዳት የማዳበሪያ መታጠብ ነው። ናይትሬት የተባለው የናይትሮጅን ዓይነት አሉታዊ ሙል አለው፤ የሸክላ አፈር ቅንጣቶችም ገጽ በአመዛኙ አሉታዊ ነው። ሁለቱ ስለሚገፋፉ ናይትሬቱ አፈሩ ላይ አይጣበቅም፤ ከዝናቡ ጋር ወደ ጥልቅ ይወርዳል። የጎመኑ የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን አንዱ ምልክቱ ነው። ስለዚህ ፍግና ኮምፖስት ሁሉንም በሰኔ ከመጣል ይልቅ ከፋፍሎ መስጠት፣ የመጨረሻውንም ድርሻ ዝናቡ በሚቀንስበት በመስከረም ማድረግ ያተርፋል። በተጨማሪም ትልቅ የዝናብ ጠብታ በሰከንድ 9 ሜትር በሚሆን ፍጥነት ወርዶ ባዶ አፈርን ሲመታ፣ ጭቃውን ከነሻጋታው ወደ ታችኛው ቅጠል ይረጫል። ቀጭን ጉዝጓዝ ይህንን ይከላከላል።

ጓሮ እንደ ቤተ ሙከራ

ውድ አንባብያን፣ እስካሁን የተነገረውን ሁሉ አምናችሁ እንድትቀበሉ አንጠይቅም። በብዙ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ ቤተ ሙከራ መሣሪያ እንደሚያጥረው እናውቃለን። ነገር ግን ከሁለት ሣህንና ከአንድ ጥርት ያለ የኅዳር ሌሊት የሚበልጥ መሣሪያ ለዚህ ርዕስ አያስፈልግም። ሁለት ተመሳሳይ ዝርግ ሣህኖችን በደረቅ ገለባ ላይ አስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ እኩል የሆነ ጥቂት ውኃ ጨምሩ። አንዱን በገላጣ ሥፍራ፣ ሌላውን በዛፍ ወይም በጠረጴዛ ሥር አድርጉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሁለቱን ሙቀት ለኩ። በቀድሞ ዘመን በሕንድ፣ በቤንጋል፣ አየሩ ከ0 ዲግሪ በላይ በሆነ ሌሊት በገለባ ላይ በተደረደሩ የሸክላ ሣህኖች በረዶ ይሠራ የነበረው በዚሁ ሕግ ነው።

በተጨማሪም በአንድ ደብተር የየዕለቱን የሰማይ ሁኔታ፣ የጤዛ ወይም የአመዳይ መታየትና ያጠጣችሁትን የጀሪካን ብዛት መዝግቡ። የጓሯችሁ የውርጭ ቦታ የትኛው እንደሆነ፣ አደገኛዎቹ ሌሊቶች በየትኛው ሳምንት እንደሚበዙ የሚነግራችሁ መጽሐፍ የለም፤ ቤተ መጻሕፍት የምታገኟቸው የአትክልት መጻሕፍት አብዛኞቹ ለሌላ ሰማይ የተጻፉ ናቸውና። የሁለትና የሦስት ዓመት መዝገብ ግን ይህን ያሳውቃችኋል። እናቶቻችሁና ጎረቤቶቻችሁ በልምድ የሚያውቁትንም ጠይቃችሁ ከመዝገባችሁ ጋር አነጻጽሩ። በሚቀጥለው ኅዳር አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ሲረጋ፣ ጆንያው ከመጋዘን የሚወጣበትን ሰዓት በቤታችሁ ቀድማችሁ የምታስታውሱት እናንተ እንድትሆኑ እንመኛለን።